የአባዬ ዓይንና የገዋኔ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ሰመራ ውስጥ አንድ የዓይን ክሊኒክ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። አጠገቤ ጎረቤቴ መዲና ተቀምጣለች። ሁለታችንም ዕድሜ ተጭኖናልና በባጃጅ ቀስ ብለን ነው የመጣነው። መዲና ከቦርሳዋ አንዲት ብልቃጥ አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ውስጧ ወርቅ የመሰሉ፣ ሲያዩዋቸው ደስ የሚሉ እንክብሎች አሉ። ልጇ በስልኩ ማስታወቂያ አይቶ ከአዲስ አበባ ያስመጣላት ናቸው።

«የዓይን ቫይታሚን ነው» አለችኝ። «ግፊቱንም ያወርዳል ይላሉ። እኔ ይሄን እየዋጥኩ ምርመራ ምን ያደርግልኛል? አንቺ ነሽ ጎትተሽ ያመጣሽኝ።»

ያኔ ስሜ ተጠራ። ውስጥ ያለችው ወጣት ባለሙያ ወንበሩ ላይ አስቀምጣኝ ካርዴን መሙላት ጀመረች።

«እማማ፣ በቤተሰብዎ ውስጥ የዓይን ግፊት የነበረበት ሰው አለ?»

«አባቴ።»

«እንዴት ነው የታወቀው?»

«መኪና ሲነዳ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ወረፋው ብዙ ስለነበር ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። ወደ ቤት ስመለስ ግን ነገሩ ሁሉ እንደ ትናንት እየመጣ ፊቴ ተደቀነ።

ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲውና መሥሪያ ቤቱ የተደረደረበት ቦታ ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ሜዳ ነበር፤ ጎማ ካልፈነዳበት በቀር ሹፌር የማይቆምበት። ከተማችን ሎጊያ ነበረች። ወደ አሰብ የሚወርደውም፣ ከአሰብ የሚወጣውም ከባድ መኪና ሎጊያ ሳይቆም አያልፍም። ጎማ ያስጠግናል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ሹፌሩ ይበላል፣ ያርፋል። ወላጆቼ ከባቲ የወረዱ ናቸው። እናቴ ፋጡማ መንገዱ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ጠዋት ፉል፣ ቀን ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከአዋሽ ወንዝ ዓሣ ሲገኝ ደግሞ በበርበሬ ለውሳ ትጠብሳለች። አባቴ ሰይድ የተሳቢ ሹፌር ነበር፤ የመንግሥት ጭነት ከአሰብ ወደ መሀል አገር ያመላልሳል። እኔ የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ። ከእኔ በታች ገና ደብተር ይዘው የሚመላለሱ ታናናሾች ነበሩኝ። የእማዬ ምግብ ቤት የዕለት ቀለባችንን ይችል ነበር፤ ቤቱን ያቆመው ግን የአባዬ መሪ ነበር።

አባዬ በዓይኑ የታወቀ ሰው ነው። ምግብ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ፣ ሌላው ሰው አቧራ ብቻ በሚያይበት ርቀት፣ «ይሄ የከማል መኪና ነው፤ ሸራው በአንድ በኩል ተቀዷል» ይላል። ትንሽ ቆይቶ እውነትም ከማል ሸራው ተቀዶ ይደርሳል። ሹፌሮቹ ይስቃሉ። «ጋሽ ሰይድ መነጽር የሚያስፈልገው ለመተኛት ነው» ይላሉ። እሱም ይስቃል። የሚገርመኝ እሱም ሆነ እኛ በዚያ ሣቅ ተሸፍኖ የሚሄደውን ነገር አለማየታችን ነው።

ነገሩ ከእጅ ማስታጠብ ጀመረ። አባዬ ከመንገድ ሲገባ ውኃ የማቀርብለት እኔ ነኝ። ሁልጊዜም ከጎኑ እመጣና እቆማለሁ። ድሮ ገና ስጠጋ እጁን ይዘረጋ ነበር። አንድ ሰሞን ግን ውኃውን ይዤ አጠገቡ ቆሜ፣ «ዘምዘም፣ ውኃው የታለ?» ብሎ ወደ ጓዳ ይጣራ ጀመር። ሲቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ትከሻው የበሩን መቃን መምታት አመጣ። ብርጭቆ ይገለብጣል። አንድ ቀን የጎረቤታችን በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን ላይ መሀል ለመሀል ተራምዶ ሲያልፍ ሴትየዋ ደነገጠች፤ ከሰፈሩ በጨዋነቱ የሚታወቀው ሰው ያን ማድረጉ አልገባትም።

እማዬ የራሷ ማብራሪያ ነበራት። በዚያው ዓመት ለጥጥ ለቀማ ከደጋ የወረዱ ባልና ሚስት ከእኛ ጀርባ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ትንሹ ልጃቸው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ጨዋታ ቢጠሩት አይነሳም፤ ቢነሳም ከዕቃ ጋር ይጋጫል። ዳፍንት ነው ተባለ። በጥጥ እርሻው ክሊኒክ የሚሠራው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ አይቶት፣ «ይህ ልጅ ቫይታሚን ኤ አንሶታል» ብሎ አዋጠው፤ ለእናቱም ጉበትና ቅጠላ ቅጠል አብዪው አላት። ሳምንት ሳይሞላው ያ ልጅ አመሻሽ ላይ ኳስ ሲያባርር አየነው። እማዬ በዓይኗ ያየችው ነገር ነው፤ ማን ይከራከራታል? አባዬም ጉበት ይብላ ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የቫይታሚን ቤት ሆነ። የፍየል ጉበት እሳት ብቻ አሳይታ ታቀርብለታለች። ካሮት ከባቲ በሚወርዱ ሹፌሮች ታስመጣለች፤ በዚያ ሙቀት ሎጊያ ሲደርስ ግማሹ ጠውልጎ ነው። ከአሳይታ ፓፓያ፣ ከአፋር እናቶች የግመል ወተት፣ ከአሰብ ደግሞ አንድ ነጋዴ የሚያመጣው የዓሣ ዘይት እንክብል። አባዬ ሁሉንም ይበላል፣ ሁሉንም ይውጣል። «ፋጡማ፣ በዚህ አያያዝሽ እኮ የመኪናው መብራት ትርፍ ሊሆን ነው» እያለ ያስቃታል። ሰውነቱ አማረበት፣ ፊቱ ወዛ። ትከሻው ግን መቃኑን መምታቱን አላቆመም።

እኔ በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመምህራን ማሠልጠኛ ደርሶኝ ነበር። አዋሽ ከተማ አክስቴ ጋ አርፌ ከዚያ በአውቶቡስ እንድቀጥል ተወሰነ። እስከ አዋሽ የሚያደርሰኝ አባዬ ነው። የደርግ ዘመን ነው፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ ከተማ አይኬድም። ወረቀቴን ከቀበሌ አውጥቼ፣ ልብሴን በፌስታል አስሬ ስጠብቅ የአባዬ ረዳት ታደሰ በወባ ተያዘ።

ስለ ታደሰ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ጎበዝ ረዳት ነበር፤ ግን በለፍላፊነቱ ይታማል። መኪናው ውስጥ አፉ አያርፍም ይባላል። «ጋሼ ግመል በዚህ ወገን... ጋሼ ጋሪ... ጋሼ ልጆች...» እያለ እንደ ሬዲዮ ነው የሚጓዘው። አብሯቸው ተሳፍሮ የመጣ ሰው ሁሉ ራሱን እያዞረው ይወርድ ነበር። አባዬ ግን አንድም ቀን ዝም በል አላለውም። ያን ጠዋት ታደሰ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ በራፋችን ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ እስኪሻለኝ ቆዩ። አደራዎን ብቻዎን አይሂዱ» አለ። እማዬ፣ «ብቻውን አይደለም፣ ዘምዘም አለች» አለችው። ታደሰ አየኝ፤ አንድ ነገር ሊነግረኝ የፈለገ መሰለኝ። አባዬ ቀደም ብሎ፣ «ግባና ተኛ ልጄ፣ ጭነቱ አይጠብቅም» አለውና ሞተሩን አስነሳ።

መስከረም ነበር። የሎጊያ መስከረም ደጋ እንደሚያውቀው መስከረም አይደለም፤ አበባም የለው። ሙቀቱ ትንሽ ይረግባል፤ ሞልቶ የነበረው አዋሽ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በየጭነት መኪናው ላይ ተጭኖ ወደ ጥጡ እርሻ ይገባል። ሚሌ ኬላ ላይ ወረቀታችንን አሳይተን ቁርስ በላን። አባዬ ደስ ብሎት ነበር። ልጁ አስተማሪ ልትሆን ነው። ለፈታሹ ሁሉ፣ ሳይጠይቀው፣ «ወደ ማሠልጠኛ ነው የማደርሳት» ይለዋል።

ከሚሌ በኋላ ያለው ሜዳ ረዥም ነው። ዛሬ ያን ሜዳ እንደ አጥር የዘጋው ባለ እሾህ ወራሪ ዛፍ ያኔ አልነበረም፤ እዚህም እዚያም ግራር፣ ከዚያ ወዲያ ሣርና አቧራ። መኪናው ውስጥ የናፍጣና የሞቀ ቆዳ ሽታ አለ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ አባዬም ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንደ ድሮው ንጉሥ ነው። ከሩቅ የሚመጣውን መኪና ይነግረኛል፣ የአየሉን ተራራ ያሳየኛል። እኔም ስለ እጁና ስለ በሩ መቃን ማሰቤን ተውኩ።

ገዋኔ ልንደርስ ስንል ከእኔ በኩል፣ ከግራሮቹ መሀል፣ ሰፈር የሚቀይሩ አፋሮች ብቅ አሉ። ግመሎቹ የቤቱን ምንጣፍና ቅስት እንጨት ተጭነዋል። ከፊት የምትመራው ወጣት ሴት ናት፤ የመጀመሪያውን ግመል ገመድ ይዛ ወደ አስፋልቱ ትወጣለች። እኔ አየኋቸው። አየኋቸውና አባዬም እንዳያቸው ስላልተጠራጠርኩ ዝም አልኩ። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ፊቱን አየሁት፤ ቀጥ ብሎ መንገዱን ይመለከታል፣ እያንጎራጎረ ነው።

«አባዬ! ግመል! ሴትየዋ!»

ፍሬን ያዘ። ያ ሁሉ ጭነት ከኋላ ሲገፋን፣ ተሳቢው ሲንቋቋ፣ ጎማው ሲጮህ ዛሬም ይሰማኛል። ሴትየዋ ገመዱን ለቃ ወደ ኋላ ወደቀች። ግመሉ ዞረ፤ የመኪናው ጠርዝ የተጫነውን ምንጣፍ ሸርክቶ አወረደው። ቆምን። አቧራው ሲያልፍ ሴትየዋ ተነስታ ቆማ ነበር፤ ክንዷ ተልጦ ይደማል። ግመሎቹ ወደ ዱሩ ተበትነዋል።

አባዬ ወረደ። እኔም ተከተልኩት። ከኋላ የነበሩ ወንዶች እየሮጡ መጡ፤ ወገባቸው ላይ ጊሌ የሚባለው ጩቤ፣ ትከሻቸው ላይ ጠመንጃ አለ። አንደኛው ወጣት የአባዬን ልብስ ጨብጦ ያዘ። «ዓይን የለህም?» አለው በአፋርኛ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ደረሱና ወጣቱን በእጃቸው ወደ ጎን አደረጉት። አባዬ አፋርኛ እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል፤ እኔም ሎጊያ አድጌ አይቸግረኝም። እጅ ተሳስመው ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ሽማግሌው በመኪናው ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡና አባዬን አስቀመጡት። ዳጉ ጠየቁት።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይጠያየቃል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባላል፤ የተጠየቀው ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ጠብ የት ተነሳ፤ ሰው ከብቱንና ልጁን ይዞ የሚንቀሳቀሰው በዚያ ወሬ ነው። ስለዚህ በዳጉ ላይ መዋሸት እንደ ስርቆት ይቆጠራል። ያን አባዬ ያውቃል።

ከሎጊያ መምጣቱን ተናገረ። ሚሌ ዝናብ እንዳልጣለ፣ ወንዙ እንደወረደ፣ በየመንገዱ ያገኛቸውን መንጋዎች ተናገረ። ሽማግሌው በየመሀሉ እህ፣ እህ እያሉ ሰሙት። ከዚያ፣ «የእኛን ግመሎች አየህ?» አሉት።

«አላየሁም» አለ አባዬ።

«ፀሐይዋ ናት?»

አባዬ አዎ ቢል ሁላችንም እናምነው ነበር፤ ፀሐይዋ እውነትም ዝቅ ማለት ጀምራለች።

«ፀሐይዋ አይደለችም» አለ። «ፊት ለፊቴን አያለሁ። ያን ተራራ አየዋለሁ። ከግራና ከቀኝ የሚመጣው ግን አይታየኝም። አንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም፤ ቆይቷል። በፊት ትንሽ ነበር፤ አሁን ጠበበ። ረዳቴ ነው የሚያይልኝ። እሱ ዛሬ ታሞ ቀረ።»

ቆሜ ስሰማ የታደሰ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ለፍላፊ ያልነው ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ የአባቴን ጎንና ጎን እያየለት ነበር።

«ሚስትህ ታውቃለች?» አሉት ሽማግሌው።

«አታውቅም።»

«ልጅህስ?»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ለማየት ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረበት። «አሁን ሰማች» አለ።

ሽማግሌው በበትራቸው አፈሩን ጫሩ። ከዚያ ተነሱ። «ሴትየዋ የልጄ ሚስት ናት፤ ክንዷ ይድናል። ምንጣፉንም ሴቶቹ ይሠሩታል። እውነት ስለተናገርክ ከአንተ ጋር ጠብ የለንም። ግን ስማኝ፤ በዚህ መንገድ ዳር ልጆች አሉን።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። እማዬ ለመንገድ የቋጠረችልንን ቴምርና ስኳር አባዬ ለቁስለኛዋ ሰጣት፤ ይቅር በይኝ አላት። ግመሎቹን ሰብስበው አስፋልቱን ተሻግረው ሲሄዱ እሱ እዚያው ቆሞ በጆሮው የሚከተላቸው ይመስል ነበር።

ያን ምሽት ገዋኔ አደርን፤ የሰዓት እላፊም ስለነበረ የሚቀጥል መኪና የለም። በማግሥቱ ጠዋት የረዳቱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና የታደሰን ሥራ ጀመርኩ። «ፍየሎች በእኔ በኩል... በአንተ በኩል እግረኛ... ድልድይ...»። አባዬ ቀስ ብሎ ይነዳል። ሲነዳ የነበረው ኩራት ፊቱ ላይ የለም፤ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነው።

ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ «ለእናትሽ ራሴ ነኝ የምነግራት» አለኝ።

«ታደሰ ለምን አልነገረንም?»

«ለምኜው ነው። እሱ ነው ቀድሞ ያወቀው፤ እኔ ራሴን ሳላውቅ። መኪና ካቆምኩ ምን እንሆናለን ዘምዘም? ታናናሾችሽስ? ጭነቱን አዲስ አበባ ላድርስና ከዚያ አስብበታለሁ። እስከዚያ አንቺ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ማሠልጠኛው ከዚያ ቅርብ ነው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም፤ በእኛ ቤት የሚታሰብ ነገር አልነበረም። የቤታችን እንጀራ በእሱ እጅ እንደሆነም አውቃለሁ፤ እኔም ተምሬ ደመወዝ እስካገኝ ገና ሩቅ ነው። ግን ያቺ ሴት ስትወድቅ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። እናት ልትሆን የደረሰች ነበረች፤ ከወደቀችበት ስትነሳ ሆዷን ይዛ ነበር። አባዬ ያን አላየም። ወንዶቹም ያዩ አልመሰለኝም።

ነገርኩት። መሪውን የያዘው እጁ ላላ።

«እስከ አዋሽ አይልሃለሁ» አልኩት። «ከአዋሽ በኋላ ግን አላይልህም አባዬ። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል አልናገርም። ሐኪም ካላየህ እዚያው እወርዳለሁ።»

ተቆጣ። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ አይጮህም። «አንቺ ነሽ እኔን የምታወርጂኝ?» አለኝ። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም «ግመል በእኔ በኩል» እላለሁ፤ እሱም እየተቆጣ ፍሬኑን ይረግጣል። ዛሬ ሳስበው ያ ጉዞ የሚያስቅ ነገር አለው። ያኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አዋሽ ስንደርስ ወደ አክስቴ ቤት የሚወስደውን ማጠፊያ አልፎ ሄደ። ሳያየው ያለፈ መሰለኝ። ልነግረው ስል ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ጥግ ይዞ አቆመ። ቁልፉን ነቀለና ቁጭ ብሎ ቆየ። «ነይ» አለኝ ከዚያ፤ «አንቺ ንገሪያቸው። እኔ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም።»

የተቀበለችን ዶክተር ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ነበረች፤ ትምህርቷን ጨርሳ ለአገልግሎት የተመደበች። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ አስነበበችው። አባዬ እስከ መጨረሻዋ ትንሿ መስመር ድረስ ወረደው፤ ለቅጽበት ኩራቱ ተመለሰ። እሷ ግን አልረካችም። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ «አባቴ፣ አፍንጫዬን ብቻ ይዩ፣ ጣቴ ሲታይዎ ይንገሩኝ» አለችው። ጣቷን ከጆሮው አቅጣጫ እያወዛወዘች ወደ ፊት ታመጣለች። እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ፤ ጣቷ መጣች፣ መጣች፣ ጉንጩን አለፈች፣ ልትነካው ደረሰች፤ አባዬ ዝም። አፍንጫዋ ጋ ልትደርስ ስትል ነው «አሁን» ያለው። በሌላውም በኩል እንደዚያው።

ከዚያ ዓይኑን እንዲጨፍን አድርጋ በሁለት ጣቶቿ በዓይኑ ቆብ ላይ በቀስታ ጫን ጫን አለች። ፊቷ ተለወጠ። «አንቺም ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝና የእኔንም ነካች። ቀጥላ እጄን ይዛ መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ በአባቴ ዓይን ላይ አሳረፈችው። የእኔ እንደ በሰለ ወይን ፍሬ ለስለስ ብሎ ይመልሳል። የእሱ ድንጋይ ነበር። የአባቴን ፊት ነክቼ አላውቅም ነበር፤ መጀመሪያ የነካሁት ያን ጊዜ ነው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ልጅ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ዓይን ውስጥ የሚመላለስ ፈሳሽ አለ» አለችው ዶክተሯ። «የእርስዎ መውጫው አስቸግሮት ግፊቱ ጨምሯል። ግፊቱ ከኋላ ያለውን የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። ሕመም ስለሌለው ሰው አያውቀውም፤ ከዳር እየጀመረ ወደ መሀል ይጠብባል። አዲስ አበባ ልላክዎ ነው፤ እዚያ በመሣሪያ ይለካል፣ ጠብታ ይሰጥዎታል።»

«ብዙ ቫይታሚን ወስጃለሁ» አላት አባዬ። «ጉበቱንም፣ ካሮቱንም። የጎረቤታችን ልጅ በእሱ ነው የዳነው።»

«ልጁ ያጣው ቫይታሚን ስለነበረ ዳነ። የእርስዎ ግን የምግብ ማነስ አይደለም። ጉበቱ አይጎዳዎትም፣ ይብሉት። ግፊቱን ግን አያወርደውም።»

«ጠብታው የጠፋውን ይመልሳል?»

እዚህ ላይ ዶክተሯ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች። «አይመልስም። የቀረውን ለማቆየት ነው። ሳያቋርጡ ካደረጉት ብዙ ዓመት ሊያቆይልዎ ይችላል። መኪና ግን ከዛሬ ጀምሮ መንዳት የለብዎትም።»

ወጥተን ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ባቡር ከጣቢያው ሲነሳ ይሰማል፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አባዬ የሚያለቅስ መስሎኝ ፈራሁ። አላለቀሰም። «እናትሽ ያን ሁሉ ካሮት በከንቱ» አለና ሣቀ፤ ሣቁ ሳያልቅ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። «መኪናውን እዚሁ አቆመዋለሁ፤ ጭነቱን ሌላ ሹፌር ይውሰደው» አለኝ። የመሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ሩቅ አልነበረም። እንድከተለው አልፈለገም፤ በእግሩ ብቻውን ሄደ። የቤቶቹን ግድግዳ በእጁ ጫፍ እየዳሰሰ ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ሲመለስ ቁልፉ እጁ ላይ አልነበረም።

የሆነው ሁሉ ቀላል ነበር ብል እዋሻለሁ። እኔ ልመለስ ብዬ ነበር፤ አባዬ እምቢ አለ። «እኔን ካስቆምሽ አንቺ ሂጂ» አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ማሠልጠኛ ገባሁ። እሱ አዲስ አበባ ተመርምሮ ጠብታውን ይዞ ሎጊያ ተመለሰ። ያን ዓመት ታናናሾቼ ጠግበው ያደሩበት ቀን ጥቂት ነበር፤ እማዬ ወርቋን ሸጠች። አባዬ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ከረመ። መኪና ሲያልፍ ጭንቅላቱን ያዞራል፤ የማን እንደሆነ መናገር ግን ተወ። ቀስ በቀስ ከእማዬ ጋር ምግብ ቤቱን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሹፌሮቹም ሳይጠራቸው መጡ። ጠብታው ሲያልቅበት ከአዲስ አበባ የሚያመጡለት እነሱ ነበሩ። መድኃኒቱ ዓይኑን ያቃጥለዋል፤ ብሌኑን የጤፍ ፍሬ አሳክሎ ስለሚያጠብበው ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ይጨልምበታል። አንዳንዴ ይሰለቸዋል። ያኔ እማዬ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «በል ቀና በል» ትለዋለች። እንዲያ እያለች ነው ያኖረችው።

ታደሰ ከወባው ድኖ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ሹፌር ሆኖም ሲነዳ መለፍለፉን አልተወም ይሉታል።

አባዬ እስከ ሞተ ድረስ ሙሉ በሙሉ አልታወረም። በመጨረሻው የቀረችው እንደ ቀዳዳ ያለች ብርሃን ናት። በእሷ ቁርአኑን ይቀራ ነበር፤ በእሷ የሙሽርነት ልብሴን አይቷል፤ በእሷ የልጄን ፊት፣ መጀመሪያ አንድ ዓይን፣ ቀጥሎ አንድ ዓይን፣ ከዚያ አፍንጫና አፍ እያደረገ፣ በትዕግሥት ጨርሶ አይቶታል። ያቺ ሴትዮስ? ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ የገዋኔ ነጋዴ ምግብ ቤታችን ሲበላ አባዬ ጠየቀው። ወንድ ልጅ ወልዳለች አለው። አባዬ ከሰውየው የምሳውን ሒሳብ አልተቀበለም።

ስለ እኔ ለምትጠይቁ፣ የባለፈው ሳምንት ምርመራ የአንዱ ዓይኔ ግፊት ከፍ ማለት መጀመሩን አሳይቷል። ከዳሩ የጠፋ ነገር ገና የለም። ጠብታ ጀምሬያለሁ፤ የዛሬው ጠብታ እንደ ድሮው አያቃጥልም። መዲና የእሷ ግፊት ደህና ነው ተብላ እየሣቀች ወጣች። እንክብሎቿን ትዋጥ፤ አልተናገርኳትም። በየዓመቱ አብራኝ እንድትመጣ ብቻ ቃል አስገባኋት።

ብዙ ጊዜ የማስበው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሕመም ሰውን እየጠራው ይመጣል፤ ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል። ይሄኛው ግን ባለቤቱን ሳይነካው፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው ቀድሞ የሚያውቀው። እና አጠገቡ ያለው ሰው ዝም ካለ ነገሩ ሁሉ በዚያ ዝምታ ውስጥ ይሠራል። ታደሰ ዝም ያለው ስለሚወደው ነው። እኔም የተናገርኩት ስለምወደው ነው። ከሁለታችን ማን ይበልጥ ወደደው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እኔም አልጠይቅም።

ትናንት ከሰዓት አዋሽ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። ሥራው ብዙ ነው፣ ለሐኪም ጊዜ የለውም። ስለ ግፊቱ ነገርኩት፤ በቤተሰብ የሚተላለፍ ስለሆነ አንተም ተመርመር አልኩት።

«እኔ ደህና አያለሁ እኮ» አለኝ። «ባቡሩን ከቤቴ በር ሆኜ ነው የማየው።»

«አባዬም ደህና ያይ ነበር» አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት። «አለሁ» አለኝ። «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»